በአንድ ቁጥር ያመለጠች ጊደር

በሕይወቴ ዕጣ የደረሰኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ሎተሪ ገዝቼ የትኬቱን ዋጋ እንኳ መልሼ አላውቅም። ያን አንድ ጊዜ ግን ጊደር ደረሰኝ፤ አንገቷ ላይ ቀይ ሪባን የታሰረላት፣ ነፍስ ያላት ጊደር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔም እየሳቅሁ ነው የምጀምረው። እየገፋሁ ስሄድ ግን ሳቁ ይከዳኛል።

ደርግ ከወደቀ ሦስት አራት ዓመት ቢሆነው ነው። መሐል ሜዳ ሂሳብ አስተምር ነበር። ተወልጄ ያደግሁት መርሐቤቴ፣ ወደ ቆላው ስለሆነ የመንዝ ብርድ የመጀመሪያውን ዓመት አስለቅሶኛል። ጠዋት ጠዋት ጠመኔ ስይዝ ጣቶቼ እንቢ ይሉኝ ነበር። ያን ብርድ ያስለመዱኝ አከራዮቼ ናቸው። ሴትየዋን እትዬ፣ ባለቤታቸውን ጋሼ እላቸዋለሁ። እትዬ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አጠር ያሉ፣ ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ፣ ነገር በሆዳቸው የማያሳድሩ ሴት ነበሩ። ጋሼ ደግሞ ከተበተነው ጦር የተመለሱ ወታደር ናቸው። ከሰሜን በእግራቸው አገራቸው ገብተው፣ የአባታቸውን የሽመና ዕቃ ከአቧራ አንስተው፣ ከበግ ጠጉር ባና ይሠራሉ፤ መንዝ ብርዱን የሚችልበትን ያን ወፍራም ብርድ ልብስ። ልጆቻቸው ሁሉ አግብተው ወጥተዋል። እኔ ከግቢያቸው ጥግ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ገባሁ። ወር ሳይሞላኝ እትዬ «አንቺ ልጅ፣ ነይ ብዪ» እያሉ እንደ ልጃቸው ያዩኝ ጀመር። እኔ «እርስዎ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «አንቺ» ይሉኛል፤ እንዲህ ነበርን።

ትምህርት ቤታችን ተማሪ በዝቶበት ታናናሾቹ ልጆች ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይማሩ ነበር። የወላጆች ኮሚቴ ሁለት ክፍል ለመጨመር መከረና ቶምቦላ ይውጣ ተባለ። ትኬቱ ሁለት ብር። አንደኛ ዕጣ ጊደር፣ ሁለተኛ ካሴት የሚያጫውት ራዲዮ፣ ሦስተኛ ሙክት በግ፣ አራተኛ ባና። ባናውን ሠርተው በነፃ የሰጡት ጋሼ ናቸው።

ጊደሯ ከደብረ ብርሃን በኩል የመጣች፣ የፈረንጅ ዘር ያለባት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ጣል ያለባት ቦራ ነበረች። በገበያ ቀን ኮሚቴዎቹ ሪባኗን አስረው በገበያው መሀል ያዞሯታል። የአገሩ ላም ብትታለብ አንድ ኩባያ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ይቺን ያየ ሁሉ ገና ያልወለደችውን ጡቷን እያየ ያሰላል። ትኬት የገዛ ሰው ሁሉ በሐሳቡ አልቦ፣ ንጦ፣ ቅቤውን ሸጦ ጨርሷል። አንዲት ጎረቤታችን ለልጇ የሠርግ ልብስ ገዝታበታለች። አንድ መምህር ባልደረባዬ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶታል። ትኬት ሲሸጥ አጠገቤ የቆሙ አንድ ቄስ ሁለት ሲገዙ አንዲት ሴት፣ «አባ፣ ይሄ ቁማር አይደለም ወይ?» አለቻቸው።

«ከሐዋርያቱ አንዱ የተተካው በዕጣ ነው» አሉ ቄሱ፣ ትኬታቸውን ወደ ኪሳቸው እየከተቱ።

ከኋላ የነበሩ ሽማግሌ ቀበል አድርገው፣ «የጌታን ልብስ የተካፈሉትም በዕጣ ነው» አሉ።

ቄሱ ሳቁ። ትኬቶቹን ግን አልመለሱም።

ጋሼ አልገዙም። እትዬ ሲጨቀጭቋቸው ከሽመናቸው ቀና ሳይሉ፣ «የኔ ዕጣ ወጥቷል» አሏቸው። «ከእኔ ጋር የነበሩት ስንቶቹ እዚያው ቀሩ። እኔ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ይውጣልኝ? ድርሻዬን በልቻለሁ።»

«እንግዲያው የኔ ገና አልተነካም!» አሉ እትዬ፣ ሁለት ብራቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየቋጠሩ።

በዕረፍት ሰዓት ነው ለመግዛት የወጣሁት። ጠረጴዛው ከቢሮው ደጃፍ ተዘርግቷል፤ ሰው ተሰልፏል። እትዬ እኔን ቀድመው መጥተው ኖሮ ተራቸው ደርሷል፤ እኔ ከኋላቸው ቆምሁ። እሳቸው ቋጠሯቸውን ሲፈቱ ደወል ተደወለ።

«ሂጂ ቅደሚ፤ ልጆቹ ይጠብቁሻል» አሉኝ።

«ግድ የለም፣ ተራዎ ነው፣ ይግዙ።»

«ሂጂ እንጂ! እኔን የሚጠብቀኝ ጋን ነው። ጋን ደሞ አይረብሽም።» ትከሻዬን ይዘው ወደ ፊት ገፋ አደረጉኝ። ሰልፈኛው ሳቀ። ብሬን ሰጥቼ፣ የተቀደደልኝን ትኬት ሳላየው ወደ ክፍል ሮጥሁ። ማታ ቤት ስንገናኝ አወጣነው። የኔ አራት መቶ አሥራ ሰባት፣ የእሳቸው አራት መቶ አሥራ ስምንት። እትዬ ሁለቱንም ሙዳያቸው ውስጥ አንድ ላይ ከተው፣ «እነሱም እንደኛ ጎረቤታሞች ናቸው» አሉ።

ዕጣው የወጣው በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። የትምህርት ቤቱ ሜዳ በሰው ሞልቷል። ሐሜት እንዳይነሣ ኮሚቴው ዕጣ እንዲያወጡ የጠየቀው ዓይናቸው የማያይ አንድ መሪጌታን ነበር። መሪጌታው እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው፣ ለሰው ሁሉ አሳይተው፣ አማትበው እጃቸውን ወደ በርሜሉ ይሰዳሉ። ያወጡትን ወረቀት ርዕሰ መምህሩ በድምፅ ማጉያ ያነባሉ። ባናው ለአንድ ጨርቅ ነጋዴ ደረሰ፤ ሰዉ «ለባለ ጨርቅ ጨርቅ!» ብሎ ሳቀ፤ ጋሼም ሳቁ። ሙክቱ ለአንዲት ተማሪ ደረሰ። ራዲዮው ከዘመሮ ለመጣ ገበሬ ደረሰ፤ ሰውየው እንደ ታመመ ልጅ አቅፎት፣ ማንም እንዳይነካበት ወደ አጥር ጥግ ሄዶ ቆመ።

ጊደሯ የመጨረሻዋ ናት። መሪጌታው ወረቀቱን አወጡ። ርዕሰ መምህሩ ተቀብለው ዘረጉትና «አራት መቶ አሥራ...» እንዳሉ ነፋሱ ወረቀቱን አጠፈባቸው። እትዬ ክንዴን ጨመደዱት። ያቺን ቅጽበት እስከ ዛሬ አልረሳትም። ከአምስት መቶ በላይ ትኬት ተሸጧል፤ ያ ሁሉ ሰው ወድቆ እዚያ ሜዳ ላይ የቀረነው እኛና እንደኛ በአሥራዎቹ ውስጥ ያሉ ጥቂቶች ብቻ ነን። እትዬ ከአፋቸው የሚወጣው ጸሎት ይሁን ቁጥር አልለየሁትም። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን በጉልበታቸው ላይ አቃንተው፣ «...ሰባት!» አሉ።

ከሁሉ ቀድመው እልል ያሉት እትዬ ናቸው። እልልታቸውን የሰማ ሰው ለሳቸው የደረሰ መስሎት ወደ እሳቸው ነው የዞረው። እኔ ግን ክንዴ ላይ የነበረው እጃቸው ጣት በጣት ሲለቅ ይሰማኝ ነበር። ሲጨርሱ ትኬታቸውን አወጡ፣ አውራ ጣታቸውን እላዩ ላይ አሻሹና ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው፣ «ስምንት» አሉ።

የሂሳብ አስተማሪ ነኝና ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ያን ቀን ጊደሯ ያልደረሳቸው ሰዎች ሁሉ የከሰሩት እኩል ነው፤ ሁለት ሁለት ብር። በሦስት መቶ ቁጥር የሳተም በአንድ ቁጥር የሳተም ያው ሳተ። ሰው ግን እንደዚያ አላሰበም። በሚቀጥለው ሳምንት ገበያተኛው ሁሉ እትዬን «አይዞሽ» ይላቸው ጀመር፤ ልክ በረታቸው ገብቶ ከብት የወሰደባቸው ሰው ያለ ይመስል። «አንድ ቁጥር! እንዲያው አንድ ቁጥር!» ይላሉ፣ ጠላ ሊጠጡ የገቡት ሁሉ። «ቅደሚ ባትያት ኖሮ!» አንዷ ስታወራው እኔ ለምኜ ነው የቀደምሁት። ሌላዋ ዘንድ ሲደርስ ገፍቼያቸው ነው። ሰው ያዘነላቸው ደግነታቸው አስከፈላቸው ብሎ ነው፤ ግን ያ ኀዘን በየቀኑ እየመጣ ቁስሉን ይነካካባቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር እትዬ ብቻቸውን ቢተዉ ኖሮ በሳምንቱ የሚረሱት ይመስለኛል።

ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪዬ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ የቤት አከራይዎ ቢቀድሙ ኖሮ ለሳቸው ይደርስ ነበር?» አለችኝ። ሁሉም ቁጥር እኩል ዕድል እንዳለው፣ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ሰባትም ስምንትም ልዩነት እንደሌላቸው ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስረዳሁ። ያስረዳሁት ሁሉ ትክክል ነው። የልጅቷ ጥያቄ መልስ ግን «አዎ» ነበር። አዎ፣ ቢቀድሙ ኖሮ ሰባት የእሳቸው ነበር። እሱን አልመለስሁላትም።

ጊደሯን የት ላስገባት? ከእትዬ ጋጣ በቀር ቦታ የለኝም። ልጠይቃቸው ስሄድ ጌሾ እየወቀጡ ነበር።

«ጋጣው ቦታ አለው፤ ያስገቧት» አሉ።

ከጀርባዬ ማን እንደገባ ለማየት ዞርሁ። ማንም የለም። «ያስገቧት» የተባልሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ እኔን «እርስዎ» አሉኝ። «ምሳ በልተዋል?» «ውሃ ተቀድቷል፣ ይውሰዱ።» ስድብ ቢሰድቡኝ መልስ አገኝ ነበር። ለአክብሮት ምን ይመለሳል? እንጀራም እንደ ድሮው ይልኩልኛል፤ ግን «ነይ ብዪ» ቀረ፤ ሰሃኑ ተሸፍኖ ከደጃፌ ላይ ይቀመጣል። ጋሼ ይህን ሁሉ ያያሉ። አንድ ቀን ባናቸውን እየቋጩ፣ «ተያት፣ ትብረድ። ሰው የራሱን ዕድል ሲያጣ ከማን እንደሚጣላ አያውቅም» አሉኝ።

ዕጣ ሲደርስ ሰው ደስ የሚለው ይመስላል። እኔም የመጀመሪያውን ሳምንት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ጋጣው ጋ ሄጄ ግንባሯን እዳብሳት ነበር። ቀስ በቀስ ግን ጋጣውን ሳይ የሚታየኝ ጊደሯ ሳትሆን የእትዬ ፊት ሆነ። ደግሞ ስለ ከብት የማውቀው ነገር የለም። ድርቆሽ የሚያመጣልኝ ሰው ቀጥሬ፣ የሚለውን ዋጋ ሁሉ እከፍላለሁ። ያለ ላቤ ያገኘሁትን ነገር እንዴት እንደምይዘው ጠፋኝ።

ከፋሲካ በኋላ አልቻልሁም። እትዬ ደጃፋቸው ላይ ብቅል ሲያሰጡ ቀረብሁና፣ «እትዬ፣ ጊደሯ የጋራችን ትሁን። እኩል። ስትወልድም ስትታለብም እኩል» አልኋቸው።

እጃቸው ብቅሉ ላይ ቆመ። «ምጽዋት ነው?»

«ምጽዋት አይደለም። ቀድመው የቆሙት እርስዎ ነዎት።»

«የኔ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ስምንት ነው። ለአራት መቶ አሥራ ስምንት ምንም አልወጣለትም። ምኑን ነው የምካፈለው?» አሉ። ያሰጡትን ብቅል መልሰው በተኑት። «ልንገርዎት? ለኔ ደርሶ ቢሆን አላካፍልዎትም ነበር። ቅደሚ ብላኝ ነበር ብለው ቢመጡ፣ ሂጂ ወዲያ እል ነበር። ይሄንን ሳስብ ነው የምናደደው። እርስዎ የሚሰጡት፣ እኔ የምከለክለው። ጊደሯም ለርስዎ፣ ደግነቱም ለርስዎ። ለኔ ምን ይቅር?»

ያን ጊዜ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይቺ ጊደር ከዓይናችን ካልጠፋች ሰላም አናገኝም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ በገበያ ቀን ለማንም ሳልናገር ነድቼ ይዣት ወጣሁ። እትዬ ወደ ወፍጮ ሄደው ነበር። የከብት ተራው ዳር ገና ከመቆሜ አንድ ከሞላሌ ማዶ የመጣ ገበሬ ቀረበ፤ ቀጭን፣ ጋቢው ያረጀ ሰው። ጎኗን ዳበሳት፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አያት፣ ደግሞ ዳበሳት። ከዚያ ዋጋ ጠየቀኝ። ስነግረው ሳይከራከር «እሺ» አለ። በመንዝ ገበያ ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ካያችሁ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ይህን የማያውቅ የቆላ ሰው ብቻ ነው። ምስክር ቆሞ፣ ገንዘቡ ተቈጥሮ፣ ሰውየው ሊሮጥ እንጂ ሊራመድ ባልፈለገ እግር እየነዳት ሄደ። ስትሄድ ዞር ብላ አላየችኝም። ትከሻዬ ግን ቀለለኝ።

ቤት ስደርስ እትዬ ጋጣው በር ላይ ቆመዋል፤ በእጃቸው ጨው የጨመሩበት አተላ ይዘዋል።

«የት አለች?»

«ሸጥኋት።»

አተላውን መሬት አስቀመጡት። «መች?»

«አሁን። ለአንድ ለሞላሌ ሰው።»

«በስንት?» ነገርኋቸው። እትዬ በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ይዘው፣ «አንቺ ልጅ!» አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ይዛ ነበር እኮ! አርግዛ ነበር እኮ! የካቲት ላይ ከጎረቤት ወይፈን ይዛ፣ አምስተኛ ወሯን እየገባች! በባዶ ጊደር ዋጋ?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ጋሼ ከሽመናቸው ወጥተው በር ላይ ቆሙ። እኛ እየተያየን ነው። ለካ እትዬ በየቀኑ እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ አተላና ጨው ይሰጧት ነበር፤ ይጠርጓት ነበር፤ ስም እንኳ አውጥተውላታል፤ ስሟን ያን ቀን ነው የሰማሁት። መያዟን ያወቁት ከብዙ ሳምንት በፊት ነው። ሊነግሩኝ አስበው፣ አኩርፈው ስለነበር ነገ፣ ነገ እያሉ ቆዩ። እኔ ደግሞ ሰላም ለመግዛት ብዬ ሳልናገር ሸጥኋት። በሁለታችን ዝምታ መሀል አንድ ሰው በአንዲት ጊደር ዋጋ ላምና ጥጃ ነድቶ ሄደ።

«ነገ እንሄዳለን» አሉ እትዬ ተነሥተው። «ስህተት ነው እንለዋለን። ገንዘቡን ይወስዳል።»

በማግስቱ ገብስ በጫነ መኪና ላይ ሞላሌ ወረድን። ዝናቡ ያካፋል። ሰውየውን ለማግኘት አልተቸገርንም፤ ሳይከራከር ቦራ ጊደር የገዛ ሰው መንደሩ ሁሉ ወሬውን ሰምቶታል። ከከተማው አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄደን ቤቱ ደረስን። ጊደሯ ደጁ ላይ ታስራለች። ሰውየው ከጓሮ ሲመጣ እኔን አየኝና ደሙ ከፊቱ ሸሸ። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ያገኘውን ሊቀሙት ነው ብሎ የሚፈራ ሰው ፊት ነው። ሚስቱ ሕፃን ታቅፋ ወጣችና በእኛና በጊደሯ መካከል ቆመች። ሁለት ልጆች ከኋላዋ ቀሚሷን ያዙ።

«በምስክር ነው የገዛሁት» አለ ሰውየው። «ገንዘቡን ቈጥሬ ሰጥቻለሁ።»

«ማን ካደህ» አሉ እትዬ።

ሰውየው ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ «አልዋሽም» አለ። «መያዟን ዳብሼ አውቄአለሁ። ዝም አልሁ። አምና ያለችኝ አንዲት ላም ሞታብኝ፣ ይቺን ለመግዛት በጎቼን ሁሉ ሸጫለሁ። እሺ ስል ልቤ ሊወጣ ነበር። እግዜር ለኔም አንድ ቀን አወጣልኝ ብዬ... ቤት እስክደርስ ወደ ኋላዬ አልዞርሁም።»

የእትዬን ፊት አየሁት። ከልጆቹ ወደ ጊደሯ፣ ከጊደሯ ወደ ሰውየው እያዩ ነበር። እኔ መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ ብዬ አፌን ስከፍት እትዬ ቀደሙኝ።

«ልንጠይቃት ነው የመጣነው» አሉ። «ዘመድ ሲዳር አይጠየቅም እንዴ?» ወደ ጊደሯ ሄደው ከነጠላቸው ጫፍ ጨው ፈትተው በመዳፋቸው አላሷት። ሚስቲቱን ዞር ብለው፣ «አተላ ትወዳለች። እርጥብ ሣር በባዶ ሆዷ እንዳትሰጫት፣ ይነፋታል። ቀኝ ጎኗን ከነኳት ትራገጣለች፣ በግራ ቅረቢያት» አሉ። ሴትየዋ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሕፃኑን ለባሏ አስታቅፋ የእትዬን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች፤ እትዬ ብድግ አደረጓት። ቆሎ አቀረቡልን፤ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጥን። በኅዳር ያ ሰው ገበያ መጥቶ ሴት ጥጃ መውለዷን ነግሮናል፤ ያን ቀን ግን የምናውቀው ባዶ እጃችንን መመለሳችንን ብቻ ነበር።

በመንገድ ላይ ጭቃው እያንሸራተተን እትዬ ክንዴን ይዘው ይሄዳሉ። ከዚያ ሳይታሰብ ሳቁ።

«ሰውየው ሲያይሽ! ነፍሱ የወጣች መሰለኝ እኮ። ያን ቀን 'ሰባት' ሲባል የኔም ፊት እንደዚያ ነበር?»

«አላየሁትም። ጊደሯን ነበር የማየው።»

«ደግ። አለማየትሽ ደግ።» ጥቂት ሄድን። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለጋሼ ግን እንዳትነግሪ። አንድ ቀን በልቤ 'ትሙትባት' ብዬ ነበር። ልትጠጣ ወርዳ ውሃው ዳር አዳልጧት ነበር፤ ያን ጊዜ ነው። ወዲያው ደነገጥሁ። በነጋታው ነው ጨው መስጠት የጀመርሁ።»

«እኔም የሸጥኋት ስለጠላኋት ነው» አልኋቸው። «ስለ ድርቆሹ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ማን ይጠይቅሻል፣ ፊትሽ ይናገራል።»

ያን ጊዜ የተረዳሁትን አሁን ልናገር ብል በደንብ አይወጣልኝም። ጊደሯ በወጣችልኝ ቀን እኔና እትዬ ተለያየን፤ ለሁለታችንም በጠፋችበት ቀን ተገናኘን። ዕጣ የደረሰው ሰው አጠገብ መቆም ከባድ ነው፤ ደርሶት መቆምም እንደዚያው። እኩል ያጡ ሰዎች ግን አንድ መንገድ ላይ ተደጋግፈው መሄድ ይችላሉ። ይህን ስል ማጣት ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ያችን ጥጃ ዛሬም ባስባት ይቆጨኛል፤ እትዬም እስከ መጨረሻው ይቆጫቸው ነበር፤ ገበያ ላይ ቦራ ላም ባዩ ቁጥር ቆም ይላሉ። የሽያጩን ገንዘብ ለእናቴ ላክሁት። ሰባት ቁጥር ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህ ሂሳብ ለሚያስተምር ሰው አሳፋሪ ነው፤ ግን እውነት ነው።

መሐል ሜዳ ስንደርስ እየመሸ ነበር። ጋሼ እሳት አንድደው፣ በር ከፍተው ይጠብቁን ነበር። መጀመሪያ ከኋላችን አዩ፤ የሚነዳ ከብት የለም።

«አላገኛችኋትም?»

«አገኘናት» አሉ እትዬ፣ ነጠላቸውን እየጨመቁ።

«ታዲያ የት አለች?»

«ቤቷ።»

ጋሼ አንዴ ሚስታቸውን፣ አንዴ እኔን አዩ። እንጨት ጨመሩና በርጩማውን ወደ እሳቱ ገፋ አደረጉልኝ። እትዬ ከጀርባዬ ሆነው፣ «ምን ቆመሻል፣ ጫማሽን አውልቂና ቅረቢ» አሉኝ።